ዲዝኒ ወርልድ ምግብ ቤት ከመያዛችሁ በፊት የጾሙን ካላንደር ክፈቱ

ይሄን የምጽፈው እናት ወይም አማት ይዛችሁ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ያለው ዲዝኒ ወርልድ መዝናኛ ለመሄድ ላሰባችሁ ነው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ ትኬቱ ዋጋ የነገረኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ምግቡ ግን ሁሉም የሚለኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ቶሎ ቦታ ያዢ»። ቶሎ ያዝኩ። ምን ቀን እንደያዝኩ ግን አላየሁም።

የሄድነው በ2025 ኦገስት ነው። ስድስት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን፣ የባለቤቴ ታናሽ እህትና አማቴ። አማቴን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በሜይ መጨረሻ ነበር ከአዲስ አበባ የመጡት። ባለቤቴ ሌሊት ስለሚሠራ ዕቅዱን በሙሉ እኔ ነኝ የያዝኩት። እሳቸውን ማስደሰት በጣም እፈልግ ነበር። እዚህ አገር ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ተቀምጦ የሚበላባቸው ቤቶች ከ60 ቀን በፊት ቦታ መስጠት ይጀምራሉ። በኢንተርኔት የሚከፈተው በምሥራቅ አሜሪካ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በዲዝኒ ሆቴል የሚያድር ሰው ከሚገባበት ቀን 60 ቀን ቀደም ብሎ እስከ 10 ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ መያዝ ይችላል። እኛ ግን ከዲዝኒ ውጪ፣ ኪሲሚ የምትባል ቅርብ ከተማ ቤት ተከራይተን ስለነበር ለእያንዳንዱ ቀን ለየብቻው መነሳት ነበረብኝ። የክሬዲት ካርድ ይጠይቃሉ። ሳትሰርዙ ከቀራችሁ በብዙዎቹ ቤቶች በሰው 10 ዶላር ይቆርጣሉ፣ ከ2 ሰዓት በፊት ከሰረዛችሁ ግን ምንም የለም። ቡፌ ላይ የልጅ ዋጋ ከ3 እስከ 9 ዓመት ነው፤ የኔ ልጅ 10 ሞልቷት ስለነበር እንደ አዋቂ ተከፈለላት። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ደግሞ 18 ፐርሰንት ቲፕ ራሱ ሂሳቡ ላይ ይገባል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

ጁን 12 ንጋት ላይ ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ተቀምጬ ነበር፤ ለኦገስት 11 ቁርስ ልይዝ። ሚኪ ማውስና ጓደኞቹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ከልጆች ጋር ፎቶ የሚነሱበት ቡፌ ነው፣ ለአንድ አዋቂ ከ50 ዶላር በላይ። ለስድስት ሰው ቦታ ማግኘት ከባድ ነው ተብዬ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ጠዋት 8፡30 (በእኛ 2፡30) የሚለው ሲመጣልኝ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የነካሁት። በዚያው ሰዓት እማማ ሳሎን ቆመው ይጸልዩ ነበር። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበር። የጾም ወጥ የምሠራላቸው እኔው ነበርኩ። ግን ከ60 ቀን በኋላ የሚሆነው ነገር ፈጽሞ አልመጣልኝም። ከጭንቅላቴ በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሰጠን ካላንደር ተሰቅሏል። ቀና ብዬ አላየሁትም። ስልኬ ላይ ኦገስት 11 ሰኞ ነው፣ አለቀ።

ኦገስት 11 ነሐሴ 5 ነው። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው፣ የሚፈታው ነሐሴ 16። አምስቱም የያዝኳቸው ቀናት መሀሉ ላይ ወድቀዋል። ፍልሰታ ደግሞ ልጅ ሆነን ሁላችንም የጾምናት ጾም ናት፤ አላውቅም ነበር ብዬ ማምለጫ የለኝም። ጾሟ ስትገባ እንኳ የዚያን ሳምንት ሻንጣ ሳዘጋጅ ስለነበርኩ ምግቡን የምትሠራላቸው የባለቤቴ እህት ነበረች። እሷ ደግሞ ቦታ የት የት እንደያዝኩ አታውቅም። ለሁሉም ሰርፕራይዝ ነበር ያልኩት። እንዲህ ያለ ሰርፕራይዝ አታድርጉ።

ጠዋት ሄድን። ልጆቹ ደስታቸው ወሰን የለውም። እማማ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሁላችን ሳህን ይዘን ስንነሳ እሳቸው አልተነሱም። «እናንተ ብሉ፣ አሁን አላሰኘኝም» አሉ። መንገዱ ደክሟቸው ነው ብዬ አሰብኩ። ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ኦርላንዶ ድረስ በመኪና ነዋ የመጣነው። ከዚያ ልጄ ለአያቷ አስባ እንቁላልና ቤከን የሞላ ሳህን ይዛ መጥታ ፊታቸው አስቀመጠች። እማማ ሳህኑን በቀስታ ወደ ጎን አደረጉና ራሷን ዳበሷት። ምንም አላሉም። ያኔ የባለቤቴ እህት አየችኝ። «ፍልሰታ እኮ ነው» አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ። ሮጬ አስተናጋጁን ጠራሁና ቬጀቴሪያን ምግብ ስጠን አልኩት። ልጁ ቅን ነው፣ ወዲያው አመጣልን። አይብ ያለበት እንቁላል። እሱ አላጠፋም፤ ቬጀቴሪያን ማለት እንቁላልና ወተት ይበላል ማለት ነው፣ ቃሉን የሳትኩት እኔ ነኝ። እማማ ይሄን ሁሉ ግርግር ሲያዩ እጄን ያዙኝ። «ተይ የኔ ልጅ፣ ቢኖርም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም» አሉኝ።

ለካ ሰዓቱም ነበር። ምግቡን ባስተካክለው እንኳ የጠዋቱ ቁርስ ከመጀመሪያውም ለሳቸው አልነበረም።

ሚኪ መጣ፣ ፎቶ ተነሳን። ያ ፎቶ አለኝ። ሁላችንም እንስቃለን፣ እማማ ፊት ያለው ሳህን ባዶ ነው። ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ገንዘቡ አይደለም፣ ምንም እንኳ ሳይበሉ ሙሉ ዋጋ ከነቲፑ ብንከፍልም። የሚያመኝ ይሉኝታቸው ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስለ ዲዝኒ ሳወራ «ጾም ነው» ማለት ይችሉ ነበር፤ ደስታዬን ላለማበላሸት ነው ዝም ያሉት። መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወጥቼ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ከቀሩት አራት ቦታዎች ሦስቱን ሰረዝኩ። እዚያው ላይ ዕቅዱን እንደ አዲስ ሠራሁት፣ በዚህኛው እኮራለሁ።

በማግስቱ ማጂክ ኪንግደም የሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ስንገባ የጾም ፍርፍር በፕላስቲክ ዕቃ፣ ዳቦ ቆሎና ብርቱካን ይዤ ገባሁ። ዘመዶቼ «ያስጥሉሻል» ብለውኝ ነበር። አያስጥሉም። የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ የጠርሙስ ዕቃና አልኮል ግን አትያዙ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥላ ፈልገን ተቀመጥን፣ እማማ ባርከው ቆረሱ። ልጆቹም ሀምበርገሩን ትተው ከሳቸው ጋር በሉ።

ለመጨረሻው ቀን ደግሞ ሳና የሚባለውን ቤት አገኘሁ። አኒማል ኪንግደም ሎጅ ኪዳኒ ቪሌጅ ውስጥ ነው፤ ሆቴል ስለሆነ የፓርክ ትኬት አያስፈልገውም። ስድስት ሰው ብዬ ስፈልግ የለም ይለኛል፣ አራትና ሁለት አድርጌ ለየብቻ ስፈልግ ግን ከአንድ ቀን በፊት ተገኘ። ሰው እስከ መጨረሻው ሰዓት ስለሚሰርዝ የዲዝኒን አፕ ደጋግማችሁ ክፈቱት። በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያዝኩ። ከዚያ ካመሻችሁ ይጨልምና በመስኮቱ የሚታዩት ቀጭኔና የሜዳ አህያ አይታዩም።

በዚህኛው ቃሉን አስተካከልኩ። ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ማር የለም አልኩ፣ አንድ በአንድ ቆጥሬ። «ቪጋን» የሚለው ቃል ነው የሚያግባባው። ሜኑው ላይም የቅጠል ምልክት ያለበት ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የሌለው ነው። የትኛው ዳቦ ቅቤ እንዳለበት፣ የትኛው እንደሌለበት ነገሩን። ዳቦው ከብዙ ዓይነት ማባያ ጋር ነው የሚመጣው፣ በእጅ ነው የሚበላው። እማማ ቀዩን የበርበሬ ማባያ ቀመሱና «ይሄማ ዳጣ ነው» አሉ። እውነትም ዳጣ ይመስላል። አንድ ቀጭኔ መስኮቱ አጠገብ መጥቶ ሲቆም መብላታቸውን አቁመው ዝም ብለው አዩት።

ስለዚህ የኔ ምክር ከሌላው ይለያል። ሁሉም ሰው ፓርኩ ሳይከፈት ቁርስ ብሉ ይላል። ጾመኛ ይዛችሁ ከሆነ እርሱት፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ያለውን ያዙ። በየቀኑ አንድ ቤት መያዝም አያስፈልግም፤ በሁለት ቀን አንድ ይበቃል፣ ያውም ሰው ከማጂክ ኪንግደም በጀልባ ወይም በሞኖሬል ወጥቶ መኪናው ጋ እስኪደርስ ብቻ የሚፈጀውን ጊዜ ካያችሁ በኋላ ሦስተኛውን ራሳችሁ ትሰርዙታላችሁ። በአንድ ቀን ሁለት የተለያየ ቦታ የሚያሯሩጥ ቀጠሮ ካላችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ተዉለት። ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ደግሞ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾሙ የፈለጋችሁትን መያዝ ትችላላችሁ። ሙቀቱም እንደ ኦገስት አይደለም። የልጆቹን ትምህርት ቤት ግን እናንተ ታስተካክላላችሁ።

እማማ በሴፕቴምበር ተመለሱ። ኤርፖርት ልንሸኛቸው ስንሄድ ሌላ ጊዜ ይመጣሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ፋሲካን ከዋልኩ በኋላ፣ ቀጭኔው ጋ ከሆነ» አሉኝ።