ጥቅምት፣ ጉንፋንና ቃሪያ ስንግ

ጥቅምት ገባ። ደሴ ላይ መግባቱን መጀመሪያ የሚያውቀው አፍንጫ ነው። ታክሲ ውስጥ የማያስነጥስ የለም። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ያለ ጃኬት የመጣ ሰው አለቀለት። «አፊያ ነህ?» ብለህ ስትጠይቅ «ጉንፋን ይዞኝ» ይልሃል፤ አንተም «አብሽር» ብለህ ታልፋለህ።

ሰሞኑን ደግሞ ወሬው ሁሉ ስለ «ኢሚዩኒቲ»፣ ሰውነት በሽታን ስለሚከላከልበት አቅም ሆኗል። ቢሮ ውስጥ ዝንጅብል በማር የማይጠጣ የለም። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው የሚያኝክ ባልደረባ አለን። ጉንፋኑ ይሽሸው አይሽሸው እንጃ፣ እኛ ግን ሸሽተነዋል።

ዝንጅብሉን አልጠላም። ጉሮሮ ያሞቃል። ማርም ሳል ያስታግሳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን በፍጹም አይሰጥም፣ አደገኛ መመረዝ ሊያመጣበት ይችላል። የማይዋጥልኝ ከታመሙ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ሰውነትን ማጠንከር ይቻላል የሚለው ነገር ነው። ያ ሁሉ የሚወራለት ቫይታሚን ሲ እንኳ ጉንፋኑ ከጀመረ በኋላ ሲወሰድ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልታየበትም። አዘውትረው የሚወስዱት አዋቂዎችም ሕመሙ የሚያጥርላቸው በ8 በመቶ ገደማ ነው።

ሰውነት በሽታን የሚዋጋው በየቀኑ በሚያገኘው ምግብ ነው። ሰውነት ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ የሚባለው ራሱ ፕሮቲን ነው። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይመስለኝም። ግን የሥጋው ዋጋ ያው እንደምታዩት ነው፤ እኛ ቤት አጥንቱን የሚተኩት ሽሮ፣ ምስርና የባቄላ አሹቅ ናቸው።

እማዬ ሽሮ አቅርባ ቃሪያ ስንግ ከሌለ ገበታው የተሟላ አይመስላትም። ቃሪያውን በቢላ ጫፍ ትሰነጥቅና ፍሬውን ታራግፋለች። ከዚያ የተከተፈ ቀይ ሽንኩርት በጨው አሽታ ትጠቀጥቅበታለች፣ ሎሚ ጠብ ታደርግበታለች። ጥሬ ቃሪያ እኩል ከተመዘነ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው። እሱ ደግሞ ሽሮውና ምስሩ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዲወስደው ያግዛል። እንጀራውም የራሱ ድርሻ አለው፤ ሊጡ ሲቦካ አይረንና ዚንክን አስሮ የሚይዘው፣ እህል ውስጥ ያለ ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሳል። ይህን ሁሉ ለእማዬ ባስረዳት «እኔ የምሠራው ስለሚጣፍጥ ነው» አለችኝ።

ጎመን ላይ ግን አንስማማም። ቀቅላ፣ ጨምቃ ውሃውን ትደፋዋለች። ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፣ ሙቀትም ይጎዳዋል። በራሱ ውሃ ቶሎ ይብሰል እላለሁ፣ «ይመርራል» ትላለች። ድስቱ የእሷ ስለሆነ እሷ ታሸንፋለች።

ከባዱ የቡናው ጉዳይ ነው። ምሳ ተበልቶ እጅ ሳይደርቅ አቦል ይቀዳል። ቡናም ሻይም ከምግብ ጋር ሲጠጡ አይረኑን ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። ስለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ ብዬ ለመንኩ። ወሎ ውስጥ፣ ያውም ጎረቤት ተጠርቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ ቡና ይቆይ ማለት ድፍረት ነው። ሆኖም በግማሹ ተሳክቶልኛል፤ አሁን የሚቆላው ሳህኑ ከታጠበ በኋላ ነው።

የማታው ቡና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። 11 ሰዓት ላይ የጠጣሁት በረካ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ እኔው ጋር ነው። እንቅልፍን ደግሞ እንደ ቀላል አንየው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ፈቃደኛ ሰዎች አፍንጫ ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ጠብ ተደረገ። በሌሊት ከ6 ሰዓት በታች የተኙት፣ ከ7 ሰዓት በላይ ከተኙት ይልቅ በጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከ4 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል የሚያደርግ ዝንጅብል አላየሁም።

የቫይታሚን ኪኒን ኪሱ ይዞ በርጫ የሚቀመጥ ጓደኛ አለኝ። ጫት የምግብ ፍላጎትንም እንቅልፍንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ነገርኩት። «አብሽር፣ ዛሬ በጊዜ ነው የምተኛው» አለኝ። ጠዋት ስልኬን ስከፍት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በቴሌግራም ቀልድ ልኮልኛል።