ከቁስሉ ሥር የቆጠርኩት

የፓቶሎጂ (በሽታን ከኅብረ ሕዋስ ናሙና የሚመረምር የሕክምና ዘርፍ) ሬዚደንት ሳለሁ ለመመረቂያ ጥናቴ የያዝኩት የምላስ ካንሰር ነበር። በዕጢው ውስጥ የሚታዩት ጥቃቅን የደም ሥሮችና ወደ ዕጢው የሚገቡት የመከላከያ ሕዋሳት ስለ በሽታው አካሄድ ምን ይነግሩናል የሚል ነው ጥያቄው። ዕጢ አዲስ የደም ሥር ካላበቀለ ከጥቂት ሚሊሜትር በላይ ማደግ እንደማይችል አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን በ1971 ከጻፈ ወዲህ ሲጠና የኖረ ጉዳይ ነው።

አቆጣጠሩን በደንብ አጥንቼው ነበር። የደም ሥሮቹን ሽፋን ሲዲ 34 በሚባል የሕዋስ መለያ ቡናማ ታቀልማለህ፤ በማይክሮስኮፑ ዝቅተኛ ማጉሊያ ስላይዱን (ስስ የዕጢ ቁራጭ የተለጠፈበትን መስታወት) አስሰህ ሥሮቹ በጣም የበዙበትን ቦታ ትመርጣለህ፤ ከዚያ አጉልተህ ትቆጥራለህ። ገዳይ ሊምፎሳይቶችን፣ ማለትም የታመመ ሕዋስ የሚገድሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት፣ ደግሞ ሲዲ 8 በሚባለው መለያ።

አንድ ስላይድ ከሁሉም በለጠብኝ። ዕጢው ትንሽና ጥልቀት የሌለው ሲሆን የደም ሥሩ ግን ለመቁጠር ያታክታል፤ ሊምፎሳይቱም እንደዚያው። ደስ ብሎኝ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። ቁጥሩን እንኳ አላዩም።

«የት ላይ ነው የቆጠርሽው?» አሉኝ።

ስላይዱን አስቀምጠው ቀስ እያሉ ወደ ላይ ገፉት። የምላሱ ሽፋን ድንገት ተቋረጠ። በቦታው ፋይብሪን (ደም ሲረጋ የሚሠራ ክር መሰል ፕሮቲን) እና ቁስል ላይ የሚጎርፉት ኒውትሮፊል የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ክምር አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ቀጫጭን የደም ሥሮች ወደ ላይ፣ ወደ ገጹ ቀጥ ብለው ወጥተዋል።

«ይሄ እኮ ቁስል ነው። ለመሻር የሚታገል ማንኛውም የአፍ ቁስል እንዲህ ዓይነት ሥጋ ያበቅላል፤ ካንሰር ኖረም አልኖረም። አንቺ የቆጠርሽው ቁስሉን ነው።»

ፊቴ ጋለ። የአፍ ዕጢ ብዙ ጊዜ እንደሚቆስል የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን ዓይኔ ቡናማውን ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ቡናማው ደግሞ ከቁስል በታች ይበዛል። የቀሩትን ስላይዶች ስከፍት ከመረጥኳቸው ቦታዎች ጥቂት የማይባሉት እዚያው ቁስል ሥር ነበሩ። የሳምንታት ሥራ ነበር፤ ሰንጠረዡን በሙሉ ጣልኩት።

ሁለተኛው ቆጠራ ዘገምተኛ ነበር። ዕጢው ወደ ጡንቻው የሚገፋበትን ጠርዝ ለብቻ፣ መሃሉን ለብቻ ቆጠርኩ። የታካሚዎቹን መጨረሻ የማያውቅ የሥራ ባልደረባዬም ለብቻው ቆጠረ። ሊምፎሳይቱ ላይ ይበልጥ ተጠነቀቅኩ፤ ሲዲ 8 ሕዋስ ከካንሰሩ ጎጆዎች ውስጥ መግባቱና ከውጭ ባለው ተያያዥ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ መቅረቱ አንድ አይደለም። የመከላከያ ሕዋስ ሁሉም የታካሚው ወዳጅ አይደለም ደግሞ፤ ሲዲ 163 በተባለው መለያ የሚቀልሙት ማክሮፋጆች (ዋጭ የመከላከያ ሕዋሳት) የደም ሥር አብቃይ ፕሮቲን እያመነጩ ዕጢውን ሊቀልቡ ይችላሉ።

ያ አንደኛ የነበረው ስላይድ በአዲሱ ቆጠራ ወደ መሃል ወረደ። ያ ቁጥር ሳይታረም ቢቀር ያቺ ትንሽ ዕጢ አስፈሪ ተብላ ልትመዘገብ ነበር፤ ከስላይዱ ጀርባ ደግሞ ሰው አለ።

አሁንም ቆጠራ ከመጀመሬ በፊት የቁስሉን ዳር በእስክሪብቶ ነጥብ አጥራለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት ሬዚደንቶች ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ ሲጠይቁኝ ስላይዱን ወደ ላይ ገፍቼ አሳያቸዋለሁ።