«እዚህ አሉ» ያልኩበት ቀን

በሚኒሶታ በአስተርጓሚነት ነው የምሠራው። አብዛኛው ቀኔ በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ያልፋል። እዚያ እያንዳንዱን ቃል መዝኜ ነው የማወጣው፤ የመድኃኒት መጠን ወይም የቀጠሮ ቀን ቢዛባ ምን እንደሚከተል አውቃለሁና። አንድ የጥቅምት ማለዳ ግን ሥራው ቀላል መሰለኝና ሚዛኑን ቤቴ ትቼው ወጣሁ።

ጉዟችን ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ነበር። የቤኔዲክታውያን ገዳም ነው። መነኮሳቱ እ.ኤ.አ. በ1856 ከፔንሲልቬንያ መጥተው በጀርመን ስደተኞች መካከል መሠረቱት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላቸው፤ ከራሳቸው ደን በሚቆረጥ እንጨት የቤት ዕቃ ይሠራሉ፤ በጸደይ ከዛፎቻቸው ጣፋጭ ፈሳሽ ቀድተው ሽሮፕ ያፈላሉ። እንግዶቼ አንድ መሪጌታ፣ ሊጠይቋት የመጡት ልጃቸውና ሁለት የደብር ሽማግሌዎች ነበሩ። መሪጌታው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁም ጸሐፊ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸው።

ቤተ ክርስቲያኑ በአርክቴክት ማርሴል ብሮየር ተነድፎ በ1961 ያለቀ የኮንክሪት ሕንፃ ነው። ከፊቱ 34 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ አምስት ደወሎችን ተሸክሞ ቆሟል፤ የሚገባው በሥሩ ታልፎ ነው። የኔታ አንጋጠው አዩትና «ደወሉን ከቤቱ አስቀድመውታል፤ ደግ አድርገዋል» አሉ።

ይበልጥ የተደሰቱት ግን ገዳሙ በእጅ ያስጻፈውን መጽሐፍ ቅዱስ ባዩ ጊዜ ነው። ዋናው ጸሐፊ ዶናልድ ጃክሰን ከረዳቶቹ ጋር በጥጃ ቆዳ ብራና ላይ፣ በወፍ ላባ ብዕር ነው የጻፈው። የመጀመሪያው ቃል በ2000 ተጽፎ የመጨረሻው በ2011 ተፈጸመ፤ ሰባት ቅጽ ወጣው። የኔታ መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። የትኛው የጠጉሩ ወገን፣ የትኛው የሥጋው ወገን እንደሆነ ጠየቁ። መስመሩ እንደ እኛ በወስፌ ተወግቶ እንደሆነም ጠየቁ። «አልቸኮሉም» አሉ በመጨረሻ። በእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ስሕተቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስጎብኚያችን ስለ ብራና ቤተ መጻሕፍቱ ሲናገር «ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም አሉን» አለ። እኔ «ማይክሮፊልም» የሚለው ቃል ለሽማግሌ ይከብዳል ብዬ ዘለልኩትና «ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች እዚህ አሉ» አልኳቸው።

የኔታ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ማን አመጣቸው?»

የቀትር ጸሎት ሊደርስ ነበርና እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። «ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል» ብዬ አለፍኩ።

ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ስንደርስ የኔታ አልገባም አሉ። መነኮሳቱ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጥዋት፣ ቀትርና ማታ ተሰብስበው መዝሙረ ዳዊት ይደግማሉ፤ እንግዳም በአጠገባቸው እንዲቀመጥ ይጋብዛሉ። በ6ኛው መቶ ዘመን ቅዱስ ቤኔዲክቶስ የጻፈላቸው ሥርዓት በ53ኛው ምዕራፍ እንግዳ ሁሉ እንደ ክርስቶስ ሆኖ እንዲስተናገድ ያዛል። አስጎብኚው በሩን ይዞ ይጠብቃል፤ የኔታ በትራቸውን ተደግፈው ዛፎቹን ያያሉ። «ከመቅደላ የተወሰደው አላነሰም? የተወሰደ መጽሐፍ ባለበት ቤት እንዴት ዳዊት እደግማለሁ?» አሉኝ በቀስታ።

ያን ጊዜ ገባኝ። በሕሙማን መካከል አንድ ቃል የማልዘል ሰው፣ እዚህ የአንድን ሊቅ አእምሮ ራሴ መጥኜ ቃሉን አስቀረሁባቸው። በሙያችን ስሕተት በሹክሹክታ አይታረምም፤ ሁለቱም ወገኖች እየሰሙ በሁለቱም ቋንቋ ይነገራል። ለአስጎብኚው ምን እንዳጎደልኩ በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ከዚያም «የኔታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ያለው ፎቶግራፋቸው ነው። መጻሕፍቱ የተነሡት ከአገር ሳይወጡ ነው» አልኳቸው። አንገቴን ደፍቼ ቆየሁ።

«ታዲያ ይህን ያህል ነገር እንዴት ይዘለላል፣ ልጄ?» አሉ። ከዚህ ሌላ አልተቆጡኝም። ገቡ።

ውስጥ የነበረው ጸጥታ አይረሳኝም። መነኮሳቱ በአንዱ ስንኝና በሚቀጥለው መካከል ረዘም አድርገው ያርፋሉ። የኔታ ቋንቋውን ባይሰሙም በየዕረፍቱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አይ ነበር።

ከጸሎቱ በኋላ አስጎብኚው ታሪኩን እንደ አዲስ ጀመረ፤ እኔም አንድ ቃል ሳላስቀር አደረስኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ ቤኔዲክቶስ ራሱ የመሠረተው የሞንቴ ካሲኖ ገዳም በቦምብ ፈረሰ። የኮሌጅቪል መነኮሳት ሌላ ጦርነት የአውሮፓን የገዳም መጻሕፍት እንዳያጠፋ ሰግተው በ1965 በኦስትሪያ ፊልም ማንሣት ጀመሩ። በ1970ዎቹ ሥራው ኢትዮጵያ ደረሰና በአብዮቱ ዘመንም ቀጠለ፤ የፊልሙ ቅጂ አገር ቤትም ቀርቷል። ከኢትዮጵያ የመጣውን ፊልም ዓመታት ሙሉ እያነበቡ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ በ1975 በደርግ ወታደሮች ተተኩሶባቸው ከተሽከርካሪ ወንበር ያልተነሡት ሊቅ። ስማቸው ሲጠራ የኔታ ቆባቸውን አወለቁ።

በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ዳዊት ተከፈተላቸው። ጣታቸውን መስታወቱን ሳያስነኩ ከመስመር መስመር አሳለፉ። ግርጌው ላይ ጥቁር ነጥብ ነበር። «የጧፍ ጠብታ ነው» አሉ። «ሌሊት ተደግሞበታል።»

ከዚያ የመጽሐፉን ቁጥር እንድጠይቅላቸው አዘዙኝ። ነገርኳቸው። እንድደግመው አደረጉኝ፤ ደገምኩላቸው። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው በግዕዝ አኀዝ ጻፉትና ያስተካከሉ እንደሆነ ለማየት ለሦስተኛ ጊዜ እንድናገር ጠየቁኝ።