ከወንዙ ማዶ፦ ሮኬት ሲነሳና መንኮራኩር ሲያርፍ ማየትን እንዴት እንደተማርኩ

ኑሮዬን በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ ከተማ ካደረግሁ ወዲህ፣ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በሚያስኬደው በኬፕ ካናቬራል የሚከናወነውን የሮኬት መነሳትና ማረፍ መከታተል ከምወዳቸው ነገሮች ዋነኛው ሆኗል። ሰማዩ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ነገሩ ቀና ብሎ ከማየት ያለፈ ዕውቀት የሚጠይቅ አይመስልም። ይሁን እንጂ ከወንዙ ዳር ለሰዓታት ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የሚጠባበቀው ምን እንደሆነና ሮኬቱን ያቆመው ምን እንደሆነ ካላወቀ ድካሙ ብቻ ይተርፈዋል። ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው ግን ሮኬቱ ሳይነሳ በሚቀርበት ቀን እንኳ ብዙ ነገር አይቶ ይመለሳል። ይህንን የተረዳሁት ቀስ በቀስ ነው፤ ለጀማሪ ይጠቅማል ብዬ ስለማምንም እንዴት እንደሆነ እጽፋለሁ።

ሐምሌ 8 ቀን 2011 (እ.ኤ.አ.) አትላንቲስ የተባለችው የናሳ የጠፈር መንኮራኩር (ሸትል) ለመጨረሻ ጊዜ በምትነሳበት ዕለት ከማስወንጨፊያው ማዶ ወዳለችው ቲተስቪል ከተማ የወሰዱኝ፣ በኦርላንዶ ለረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ አንድ ያገሬ ሰው ነበሩ። ጋሼ እያልሁ ነው የምጠራቸው። ሌሊቱን ተነስተን ኢንዲያን ሪቨር ከሚባለው ሰፊ ውኃ ዳር ስንደርስ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በየመንገዱ ዳር ወንበር ዘርግቶ፣ ድንኳን ተክሎ አገኘነው። ጋሼ የያዙት ትልቅ ካሜራ ሳይሆን አንዲት ትንሽ ሬዲዮ፣ በቂ ውኃና የትንኝ መከላከያ ቅባት ነበር። «ስልኩ በሕዝቡ ብዛት ይጨናነቃል፤ ሬዲዮዋ ግን አታሳፍርህም» አሉኝ፤ እንዳሉትም ሆነ። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች አየሩ ለመነሳት የሚመች የመሆኑን ዕድል 30 በመቶ ብቻ ብለውት ስለነበር፣ ብዙ ሰው ደመናውን እያየ ተስፋ እየቆረጠ ነበር።

ቆጠራው 31 ሰከንድ ሲቀረው በድንገት ቆመ። በዙሪያችን የነበረው ሕዝብ ዝም አለ። ሬዲዮዋ ምክንያቱን ነገረችን፦ በነዳጅ ታንኩ አናት ላይ የሚቀመጠውና ከመነሳት በፊት ወደ ኋላ የሚታጠፈው ክንድ በትክክል መታጠፉን መሐንዲሶቹ በካሜራ ማረጋገጥ ፈልገዋል። ከሁለት ደቂቃ ጥቂት ዘለግ ካለ ጊዜ በኋላ ቆጠራው ቀጠለና፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ከ29 ደቂቃ ላይ ከውኃው ማዶ ነጭ ጭስ ግራና ቀኝ ተዘረጋ፤ ከመካከሉም ዓይን የሚወጋ ብርሃን ወደ ላይ ወጣ። ምንም ድምፅ አልነበረም። እኛ የቆምንበት ቦታ ከማስወንጨፊያው መድረክ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድምፅ ደግሞ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ፣ ብርሃኑን ካየን በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል መጠበቅ ነበረብን። አትላንቲስ ደመናው ውስጥ ገብታ ከተሰወረች በኋላ ነው ድምፁ የደረሰን። በመጀመሪያ ዝቅተኛ ጉርምርምታ ሆኖ በውኃው ላይ መጣ፤ ከዚያም እየበረታ እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ፍንጥርጣሪ ድምፅ ተጨመረበት፤ በእጄ የያዝኩት የውኃ ጠርሙስ ሲንቀጠቀጥ በጣቶቼ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮኝ ለሚሄድ ሰው ሁሉ የምነግረው፣ ብርሃኑ ከጠፋ በኋላ ዕቃውን ለመሰብሰብ እንዳይቸኩል ነው።

የዚያችው መንኮራኩር ማረፍ ፈጽሞ የተለየ ነገር ነበር። ሐምሌ 21 ቀን፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ከ57 ደቂቃ፣ ገና ሳይነጋ ነው ያረፈችው። በጨለማ ስለነበር ዓይን የሚያየው ነገር እምብዛም አልነበረም። ነገር ግን ከማረፏ ጥቂት ደቂቃዎች ቀደም ብሎ፣ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስትበር ከአፍንጫዋና ከጅራቷ የሚነሳው የአየር ግፊት ሁለት ተከታታይ ፍንዳታ ሆኖ ሰማዩን መታው። 100 ቶን የሚጠጋ ክብደት ያላት መንኮራኩር ሞተሯ ጠፍቶ እየተንሸራተተች 4.5 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ማኮብኮቢያ ላይ በአንድ ሙከራ ብቻ ማረፍ አለባት፤ ዞሮ እንደገና መሞከር የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተጀመረው የሸትል ዘመን ከ135 በረራዎች በኋላ የተዘጋው በዚህ ነው። ሰው ሁሉ ስለ መነሳቱ ያወራል፤ ለእኔ ግን ከዚያ ንጋት ወዲህ ማረፉ ከመነሳቱ የበለጠ ልብ የሚሰቅል ሆኖብኛል።

የካቲት 6 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) ሦስት ሮኬቶች ጎን ለጎን የተጣመሩበት የስፔስኤክስ ኩባንያ ፋልኮን ሄቪ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞከር፣ የቦታ ምርጫዬን የወሰነው ይኸው ማረፍን የማየት ፍላጎቴ ነው። ሮኬቱ የሚነሳበት 39ኤ የተባለው መድረክ ፊት ለፊት የሚታየው ከቲተስቪል ነው፤ ሁለቱ የጎን ሮኬቶች ተመልሰው የሚያርፉበት ሜዳ ግን ወደ ደቡብ ስለሆነ፣ በፖርት ካናቬራል ያለውን ጄቲ ፓርክን መረጥሁ። ከአገር ቤት ልትጠይቀኝ የመጣችው እናቴም አብራኝ ነበረች። ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል የተባለው በላይኛው አየር በነበረው ብርቱ ነፋስ ምክንያት ደጋግሞ ተገፍቶ፣ በ9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ በ27 ሞተሮቹ ተነሳ። ከስምንት ደቂቃ ያህል በኋላ ሁለቱ ሮኬቶች ጎን ለጎን ከሰማይ ሲወርዱ አየናቸው፤ ወደ መሬት ሲቃረቡ ሞተራቸው በራ፣ እግራቸው ተዘረጋ፣ ከዛፎቹ ጀርባ ቁልቁል ገቡ። ድምፃቸው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ተደጋጋሚ ፍንዳታ ስለሆነ እናቴ ክንዴን ጨብጣ፦

«በስመ አብ! ፈነዱ እንዴ ልጄ?» አለች።

«የለም እማዬ፣ በሰላም አርፈዋል። የምትሰሚው ቅድም ከላይ ሲመጡ የነበረውን ነው፤ አሁን መድረሱ ነው» አልኋት።

ለአፍታ አሰበችና፣ «ታዲያ ሦስተኛው የት ገባ?» ብላ ጠየቀችኝ። የመካከለኛው ሮኬት ባሕር ላይ በምትጠብቀው መርከብ ላይ ማረፍ ነበረበት፤ ለማረፊያ ከሚያስፈልጉት ሦስት ሞተሮች ሁለቱን የሚያቀጣጥለው ፈሳሽ አልቆበት መርከቧን ስቶ ባሕር ውስጥ መውደቁን የሰማነው ዘግይተን ነው። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስለ ሦስተኛው ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው እናቴ ብቻ ነበረች።

የተላለፉት ቀጠሮዎች ያስተማሩኝ ደግሞ ከተሳኩት አያንስም። ግንቦት 27 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ጠፈርተኞችን የያዘው የስፔስኤክስ ሮኬት ሊነሳ 17 ደቂቃ ገደማ ሲቀረው በመብረቅ ሥጋት ተሰረዘ። «ጥቂት ቢታገሡ ደመናው ያልፍ ነበር» የሚል ቅሬታ በብዛት ይሰማ ነበር። ነገር ግን ሮኬቱ የሚሄድበት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ምድርን ይዞራል፤ መሬት በራሷ ዛቢያ ስትሽከረከር የማስወንጨፊያው መድረክ ከጣቢያው ምሕዋር በታች የሚሆነው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ያ ቅጽበት ካለፈ ጣቢያውን ተከትሎ ለመድረስ ነዳጁ አይበቃም። በሦስተኛው ቀን፣ ግንቦት 30፣ በአዲስ የሰዓት ቀጠሮ ተነሳ። የዚያ በረራ አዛዥ ዳግ ኸርሊ አትላንቲስን በመጨረሻ ጉዞዋ ካበረሯት አራት ሰዎች አንዱ እንደነበረ ሳውቅ፣ ያየኋቸው ሁለት መነሳቶች በአንድ ሰው የተያያዙ መሆናቸው በእጅጉ አስደሰተኝ።

በአካል ያላየሁትን ግን ለእኔ ከሁሉም የሚቀርበውን መነሳት በስክሪን ነው የተከታተልሁት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት፣ 72 ኪሎ ግራም የምትመዝነው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 (እ.ኤ.አ.) ከቻይናው ታይዩዋን ስትመጥቅ በአዲስ አበባ ማለዳ፣ በፍሎሪዳ ደግሞ የዋዜማው ምሽት ነበር። እንጦጦ ላይ የተሰበሰቡት ሰዎች ሲያጨበጭቡ ሳይ እንባዬ መጣ። እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች በሰው አገር ሮኬት ሥር ስቆም ስመኘው የነበረው ይህንን ነበርና።

ከሁሉ የረዘመው ጥበቃ ሰው ሳይጭን ወደ ጨረቃ የተላከው የናሳ የሙከራ በረራ የአርቴሚስ 1 ነው። ነሐሴ 29 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) አንደኛው ሞተር በበቂ ሁኔታ መቀዝቀዙን የሚያሳየው ንባብ ስላላስተማመነ ተሰረዘ፤ መስከረም 3 ቀን ደግሞ ሃይድሮጅን በማገናኛው በኩል ሾልኮ ወጣ። ፈሳሽ ሃይድሮጅን ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ያለው ከመሆኑም በላይ ከሞለኪውሎች ሁሉ ትንሹ ስለሆነ፣ ብረቱና ማሸጊያው በቅዝቃዜው ሲኮማተሩ ለዓይን በማይታይ ቀዳዳ ያልፋል። ቀጥሎ ኢያን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣና ሮኬቱ ወደ መጠለያው ተመለሰ። በመጨረሻው ሌሊትም ሃይድሮጅኑ እንደገና በመሹለኩ፣ ጥቂት ቴክኒሻኖች ነዳጅ ከሞላው ሮኬት ሥር ገብተው ብሎኖቹን አጠበቁ። በዚያ ሰዓት እኔ ከወንዙ ማዶ ሬዲዮ እያዳመጥሁ ነበር፤ ስለ እነርሱ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ሌሊት ትዝታዬ ሁሉ የሚልቀው ከመነሳቱ ይልቅ እነርሱ በደህና ወጡ የተባለበት ቅጽበት ነው። ኅዳር 16 ቀን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፣ 98 ሜትር የሚረዝመው ሮኬት ሲነሳ የቲተስቪል ዳርቻ በብርቱካናማ ብርሃን ተሞልቶ የሰዎቹን ፊት መለየት ይቻል ነበር።

በዚያ ሮኬት የሄደችው ኦራይን የተባለችው መንኮራኩር ታኅሣሥ 11 ቀን ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ ስትመለስ ያየኋት በስክሪን ነው፤ ባሕር ላይ የሚደረግን ማረፍ ለማየት ለተመልካች የተሻለ መንገድ የለም። በሰዓት 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረች ከባቢ አየር ውስጥ ገብታ፣ በፓራሹቶቿ ታግዛ ውኃው ላይ ዝቅ አለች፤ ሁሉም ነገር ፍጹም ይመስል ነበር። በኋላ ግን የሙቀት መከላከያዋ ሲመረመር፣ የተቃጠለው ሽፋን ባልተጠበቀ ሁኔታ በየቦታው ተቦርቡሮ ተገኘ። ናሳም በሽፋኑ ውስጥ የተፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ እንደሰነጠቀው እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ አስታወቀ። ስለዚህ አሁን አንድ መንኮራኩር ሲያርፍ አይቼ ከተደሰትሁ በኋላ፣ ከወራት በኋላ የሚወጣውን የምርመራ ውጤት ፈልጌ አነብባለሁ። ለጋሼም ስልክ ደውዬ የተገኘውን እነግራቸዋለሁ፤ እርሳቸውም በበኩላቸው ቀጣዩ መነሳት መቼ እንደሆነ ይነግሩኛል።