የኑክሌር ማመንጫ ውድነቱ በዩራኒየሙ ሳይሆን በወለዱ ነው

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር የቡና ወሬው ኑክሌር ሆኗል። አገራችን በመስከረም 2018 ዓ.ም ከሩሲያው የመንግሥት ኑክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ከተፈራረመች ወዲህማ «እፍኝ ዩራኒየም ስንት ከተማ ታበራለች» የሚል አይጠፋም። ነዳጁ ርካሽ መሆኑ እውነት ነው፤ ኪስ የሚያራቁተው ግንባታው ነው።

በብድር ቤት የጀመረ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ቆርቆሮው ሳይመታ፣ ተከራይ ሳይገባ ወለዱ ይቆጥራል።

1,200 ሜጋዋት የሚያመነጭ አንድ ሪአክተር፣ ማለትም የኑክሌር ማመንጫ፣ በ6 ቢሊዮን ዶላር፣ በ7 በመቶ ወለድ ይሠራ እንበል። በየዓመቱ 1 ቢሊዮን እየወጣ በ6 ዓመት ካለቀ፣ ሥራ ሲጀምር ዕዳው 7.15 ቢሊዮን ነው። ያው 6 ቢሊዮን 12 ዓመት ከተጎተተ፣ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ምንም ሳይጨምር፣ ዕዳው 8.94 ቢሊዮን ይደርሳል። በ30 ዓመት ይከፈል ቢባልና ማመንጫው ከአቅሙ 90 በመቶ ቢሠራ፣ ለዕዳ ብቻ በኪሎዋት ሰዓት የመጀመሪያው 6.1፣ ሁለተኛው 7.6 የአሜሪካ ሳንቲም ይፈልጋል። ነዳጅ፣ ጥገና፣ ደመወዝና ጥበቃ ገና አልተነኩም። ገዢ ጠፍቶ 60 በመቶ ብቻ ቢሠራ ደግሞ በጊዜው ያለቀውም 9.1 ሳንቲም ይገባል።

መዘግየቱ ከየት ይመጣል? ብዙ ጊዜ ከጥቃቅን ነገር። የፊንላንዱ ኦልኪሉዎቶ 3 ሪአክተር እ.ኤ.አ. በ2005 ተጀምሮ በ2009 ሊያልቅ ታቅዶ ነበር፤ መደበኛ ሥራ የጀመረው በ2023 ነው። ገና ከጅምሩ የመሠረቱ ኮንክሪት ጥራት አጠያየቀ፤ ሁሉም አልቆ ሙከራ ላይ ሳለ ደግሞ በ2022 ውኃ በሚገፉት አራቱም ፓምፖች ተሽከርካሪ አካል ላይ የጥቂት ሴንቲሜትር ስንጥቅ ተገኘ። ፈረንሳይ ፍላማንቪል ላይ ስምንት የእንፋሎት ቧንቧ ብየዳዎች ከደረጃ በታች ሆኑ። ያሉት በሁለት የኮንክሪት ግድግዳዎች መካከል ስለሆነ በሮቦት መጠገን ነበረባቸው። የ3.3 ቢሊዮን ዩሮ ዕቅድ 13 ቢሊዮን አለፈ። ብየዳ ቤታችን ደጃፍ ቢበላሽ ተሞርዶ በአንድ ከሰዓት ይደገማል፤ እዚያ ግን ዓመታት በላ።

አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ ቮግትል የተባለው የኑክሌር ማመንጫ የ14 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ነበር፣ 35 ቢሊዮን ገደማ ፈጀ፤ ሪአክተሩን የሠራው ዌስቲንግሃውስ በ2017 ኪሳራ አወጀ። የሳውዝ ካሮላይናው እንዲያውም 9 ቢሊዮን ገደማ ወጥቶበት በዚያው ዓመት ተተወ። መብራት ተጠቃሚው ያልበራ መብራት ሂሳብ ይከፍላል።

«የመንግሥት ብድር ይረክሳል» ይባላል፤ ትክክል ነው። ግብጽ ለኤል ዳባ የኑክሌር ማመንጫዋ ከሩሲያ የወሰደችው 25 ቢሊዮን ዶላር በ3 በመቶ ነው። ግን ዶላር ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ላይ 57 ብር የነበረው ዶላር በሁለት ወር ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። 5 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ በ57 ሲሰላ 285 ቢሊዮን ብር፣ በ115 ሲሰላ 575 ቢሊዮን ብር ነው። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ በብር ነው። እኔ ከወለዱ ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው።

ሌላው የመስመሩ አቅም ነው። የሕዳሴ ግድብ ትልልቆቹ ተርባይኖች እያንዳንዳቸው 400 ሜጋዋት ናቸው። 1,200 ሜጋዋት ሪአክተር በድንገት ሲቆም ሦስት ተርባይን በአንድ ሰከንድ እንደመጥፋት ነው። የተለመደው መመሪያ አንድ ማመንጫ ከጠቅላላው መረብ 10 በመቶ ገደማ አይብለጥ ይላል፤ ስለዚህ ተጠባባቂ ኃይልና አዲስ መስመር ሂሳቡ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሰፈር ውስጥ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ደግሞ ሪአክተር ምንም አይፈይድም።

ቦታውን በተመለከተ ወሎ ላይ እንዲሠራ የሚመኝ ካለ የቦርከናን ወንዝ በበጋ ይይ። የማቀዝቀዣ ማማ ያለው ይህን ያህል ሪአክተር በቀን 60 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ውኃ ያተናል። በ1953 ዓ.ም ማጀቴን ያፈረሰው የካራ ቆሬ መሬት መንቀጥቀጥም ለዚህ አካባቢ ሩቅ አይደለም። መሠረትና ብረት ለዚያ ሲጠናከር ዋጋው ይጨምራል።

በመጨረሻ ማፍረሻው አለ። ሪአክተር 60 ዓመት ሠርቶ ሲዘጋ ለማፍረስ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ይጠይቃል፤ ያገለገለው ነዳጅ ከወጣ በኋላ ለዓመታት በውኃ ገንዳ፣ ቀጥሎ በደረቅ መያዣ ይጠበቃል። ገንዘቡ ከየወሩ ሂሳብ ላይ እየተቆረጠ መጠራቀም አለበት። በብር ከተጠራቀመ በ60ኛው ዓመት ምን ያህል እንደሚገዛ ከላይ ያለውን የምንዛሪ ሂሳብ መልሶ ማየት ነው።