ስድስት ቡድን፣ አንድ ስህተት

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በፔንዱለም የመሬት ስበትን ፍጥንጠት እንዲለኩ ባዘዝኩበት ቀን የቤተ ሙከራችን ባዶነት ብዙም አላስጨነቀኝም፤ ለዚህ ሙከራ ክር፣ ጓጉንቸር ቁልፍና ስቶፕዎች ይበቃሉና። ስድስቱ ቡድኖች ከመስኮቱ ፍርግርግ ላይ አንድ ሜትር ክር አንጠልጥለው፣ ጓጉንቸሩን ጥቂት ወደ ጎን ስበው ለቀቁ፤ 20 ውዝዋዜ ቆጥረውም ጊዜውን ለ20 አካፈሉ። ከክሩ ርዝመትና ከአንዱ ውዝዋዜ ጊዜ ፍጥንጠቱን ሲያሰሉ፣ መጽሐፉ 9.8 ሜትር በሰከንድ ካሬ ሲል የሁሉም ውጤት 10.8 አካባቢ ሆነ።

እንደ ልማዴ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ርዝመቱን ነበር። እስከ ቋጠሮው ብቻ ለክተው የጓጉንቸሩን ግማሽ ቁመት ረስተው ይሆናል ብዬ ለማስረዳት ቀመሩን (ፍጥንጠት = 4π² × ርዝመት ÷ የአንድ ውዝዋዜ ጊዜ ካሬ) ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ጠመኔው ገና ከእጄ ሳይወርድ ግን ነገሩ አልገጥም አለኝ። ርዝመቱ አጥሮ ከተመዘገበ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል እንጂ አይበልጥም። አብዝተው ስበውት ቢሆንስ? በ30 ዲግሪ የተለቀቀ ፔንዱለም ቀመሩ ከሚለው 1.7 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ ይህም ውጤቱን ዝቅ ያደርገዋል። አንድ ተማሪ ያነሳው የአገራችን ከፍታ እንኳ (ጥሩ ጥያቄ ነበር) ስበቱን በጥቂቱ ይቀንሰዋል እንጂ አይጨምረውም። ለዓመታት ለተማሪ ስደረድራቸው የኖርኩት ሰበቦች በሙሉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ የሚገፉ ነበሩ። የቀረው ጊዜውን የሚያሳጥር ነገር መፈለግ ነበር።

አንዱን ቡድን እንደገና አሠርቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ልጅቷ ጓጉንቸሩን ስትለቅ ጓደኛዋ ስቶፕዎቹን ተጭኖ «አንድ» አለ፤ ቁልፉ ሄዶ ሲመለስ «ሁለት»። «ሃያ» ብሎ ሲያቆም ጓጉንቸሩ የተወዛወዘው 19 ጊዜ ብቻ ነበር።

«ገና ሲለቀቅ ለምን አንድ ትላላችሁ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ሲያሳዩን እንደዚያ ነው የቆጠሩት» አለችኝ።

ከ«ዜሮ» ጀምረን ስንቆጥር 38.2 ሰከንድ የነበረው 40.2 ሆነ፤ ስሌቱም 9.77 ሰጠን። በዕረፍት ሰዓት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ የአምናዎቹን የሙከራ ዘገባዎች አወጣሁ። 10.7፣ 10.9፣ 10.8፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ የራሴ ጽሑፍ አለ፦ «ርዝመቱን በጥንቃቄ ለኩ»።