በሌሊት የተደወለው ደወል

በ2006 ዓ.ም. ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ የተመደብሁት በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከጓሳ ሣር ምድር ግርጌ በምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ነበር። አገሩ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ውርጫም ደጋ በመሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የያዘ እጅ የባለቤቱ አይመስልም። መብራት ስላልነበረ ባለ ቁልፍ ስልኬን ቻርጅ የማስደርገው ወደ መሐል ሜዳ ለገበያ በሚሄድ ሰው እየላክሁ ሲሆን፣ በዚያ ያለ አንድ ባለሱቅ ሁለት ብር ይቀበልና ከሌሎች ሠላሳ ከሚሆኑ ስልኮች ጋር ይሰካዋል። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ስልክ ማለት ሰዓት ማለት ነው፤ ተረኛ መምህር በምሆንበት ሳምንት ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰዓት የእኔው ስልክ ነበር።

ነገሩ የተፈጸመው በየካቲት፣ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት በተጀመረ ሰሞን ነው። ዘበኛችን ለአጎቱ ተዝካር ሄዶ ስለነበር ደወሉ በእኔ እጅ ወድቋል። ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ስለነበር በዋዜማው ፀሐይዋን አይቼ በግምት ደወልሁና ሃያ ደቂቃ አሳለፍሁ። ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠርተው፣ «ነገ የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ መጥተው ክፍል ገብተው ያዩሃል። ደወሉ በሰዓቱ ካልተደወለ አንተንም እኔንም በአንድ ወረቀት ነው የሚጽፉን» አሉኝ። ደግነቱ ስልኬ የዚያኑ ዕለት ማምሻውን ሞልቶ፣ ግን እንደጠፋ፣ በአንድ ገበያተኛ ኪስ ተመልሶ መጣልኝ፤ እኔም ትራስጌ አኑሬው በኩራዝ ብርሃን የዕለት ዕቅዴን መጻፍ ጀመርሁ።

የዕለት ዕቅድ ጽፎ የሚያውቅ ሰው መከራውን ያውቀዋል፤ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ምዘና እያለ ሠንጠረዡ አያልቅም። በተለይ «ከአካባቢ የተገኘ መርጃ መሣሪያ» የሚለው ሣጥን ብዙ አቆየኝ (በመጨረሻ የጻፍሁት «ድንጋይ» የሚል ነበር)። ጨርሼ ስልኩን ስከፍተው 9፡10 ይላል። «ለአንድ ገጽ ዕቅድ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት!» ብዬ ራሴን ረገምሁና፣ የቀረችኝን አራት ሰዓት እንኳ ልተኛባት ብዬ ማንቂያውን 1፡00 ላይ ሞልቼ ባናዬ ውስጥ ገባሁ።

ማንቂያው ሲጮኽ በእርግጥም አራት ሰዓት እንደተኛ ሰው ነበርሁ። ስወጣ ጉሙ መንደሩን ውጦታል፤ ሆኖም ጨረቃ ሙሉ ስለነበረች ጉሙ ከውስጥ የበራ ነጭ ጋቢ መስሎ፣ ፀሐይ ወጥታ የተጋረደች እንጂ ሌሊት አይመስልም ነበር። ዶሮም ጮኸ። አከራዬ እማማ አለመነሣታቸውን ሳይ፣ «እርጅና መጣ ማለት ነው» ብዬ ታዘብኋቸው። በሶዬን በጥብጬ ጠጥቼ ግቢ ስደርስ አንድም ተማሪ የለም፤ ለዚህም ምክንያቱ ትናንት እኔ በማርፈዴ የመጣ የሥነ ሥርዓት መላላት እንደሆነ ከልቤ አምኜ አዘንሁ።

ደወላችን ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ቸርኬ ሲሆን፣ ከጽድ ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ በብረት ይመታል። ዘበኛው ሦስት ሦስት ጊዜ እያቋረጠ እንደሚመታው አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚያቋርጥ ግን ጠይቄው አላውቅም ነበር። እኔ የትናንቱን ጥፋት ልካስ ብዬ ብረቱን በሁለት እጄ ይዤ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ ሳላቋርጥ አንጫረርሁት። ኋላ እንደተነገረኝ፣ በዚያ አገር ደንብ ቸርኬው ሳያቋርጥ ከተመታ ወይ እሳት ነው ወይ የበግ ሌባ።

መጀመሪያ ውሾች፣ ቀጥሎ እልልታ ይሁን ኡኡታ ያልለየሁት ድምፅ፣ ከዚያ በጉሙ ውስጥ የባትሪ ብርሃን መጣ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግቢው ዱላ፣ ገጀራና የቅጠል ዝንጣፊ በያዙ ሰዎች ተሞላ። አንዱ «ጓሳው ነደደ!» አለ። ጓሳ ለመንዝ ሰው ተራ ሣር አይደለም፤ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አባቶች ባወጡት ሥርዓት እየተጠበቀ የቤቱ ክዳን፣ ገመዱ፣ በክፉ ቀንም የከብቱ መኖ ሆኖ የኖረ ነውና ጓሳ ነደደ ማለት የሁሉም ጣሪያ ነደደ ማለት ነው። አንድ ሽማግሌ አፍንጫቸውን ወደ ላይ ቀና አድርገው፣ «ጭሱማ ይኸው ይሸተኛል!» ብለው ማሉ። ኋላ ሲጣራ ጭሱ ልጃቸው ከኋላቸው ከያዘው ችቦ የመጣ ነበር፤ እስኪጣራ ግን ሃያ የሚሆኑ ጎልማሶች ወደ ጓሳ ሽቅብ ሮጠዋል።

በዚህ መሐል ርእሰ መምህሩ ባናቸውን ተከናንበው ደረሱ።

«ምን ሆነሃል መምህር? ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ነዋ፤ ዛሬስ አላሳለፍሁም» አልሁና ስልኬን ዘረጋሁላቸው። 2፡05 ይላል። እርሳቸውም ክንዳቸውን ከባናው አውጥተው የእጅ ሰዓታቸውን በባትሪ አበሩልኝ፤ ስምንት ሰዓት ከአምስት። ሁለታችንም የየራሳችንን ሰዓት ደጋግመን አየን። ባለሱቁ ባትሪውን ነቅሎ ሲመልስ ሰዓቱ ጠፍቶበት፣ ደግ ሰው ነውና ከራሱ ስልክ እያየ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞልቶልኝ ኖሯል። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ «ምነው ሸዋ! ልጄን ብርዱ ናላውን አዞረው» አሉ። ርእሰ መምህሩ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «እሳትም ሌባም የለም፤ ትምህርትም የለም፤ ግቡና ተኙ!» ብለው ጮኹ።

ሰው ሲበተን፣ ከጽዱ ሥር አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ደብተሩን በፌስታል ይዞ ቆሟል። አባቱ ወደ ጓሳ ከሮጡት አንዱ ነበር።

«አንተም እሳት መስሎህ ነው?» አልሁት።

«አይ ጋሼ፣ ትምህርት መስሎኝ ነው» አለኝ።

በዚያ ሌሊት ብቻውን መመለስ ስለማይችል ወደ ቤቴ ወስጄ በባናዬ ጠቅልዬ አስተኛሁት።

ሲነጋ፣ ሰዓቴን ከርእሰ መምህሩ ሰዓት ጋር አስተያይቼ በትክክለኛው 2 ሰዓት፣ ሦስት ሦስት ጊዜ እያቋረጥሁ ደወልሁ። ማንም አልመጣም። ወደ ጓሳ የወጡት ገና ንጋት ላይ ተመልሰው ተኝተዋል፤ ሌላው ደግሞ የርእሰ መምህሩን «ትምህርትም የለም» ለቀኑ ሙሉ አድርጎ ተርጉሞታል፤ የቀረው ቸርኬውን ሲሰማ «ደግሞ ጀመረው» እንዳለ እማማ ነግረውኛል።

ሱፐርቫይዘሩ በሦስት ሰዓት በበቅሎ ደረሱ። በደረጃው መሠረት አንድ ክፍል 50 ተማሪ መያዝ ሲገባው በእኔ ክፍል 67 ተመዝግበው ነበር፤ በዚያን ቀን ግን መጨናነቁ በሚገባ ተቃልሏል። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቅጻቸውን ዘረጉና፣ «የተገኙ ተማሪዎች ብዛት፣ አንድ» እያሉ ጮክ ብለው ጻፉ። ቀጥለውም፣ «የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ የት አለ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ ርእሰ መምህሩን አየሁ፤ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛው ላይ ያኖርሁትን ድንጋይ አዩ።

ያን ጊዜ ዴስኩ ላይ ተደፍቶ ያንኮራፋ የነበረው ተማሪዬ ቀና ብሎ ዐይኑን አሻሸና፣ «ጋሼ፣ ነጋ እንዴ?» አለኝ።